ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ያልፈረምኩት ርክክብ

ከአዲስ አበባ የተመለሰ የኮምቦልቻ ሰው ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ መብራት ያወራል። እኔ የማወራው ስለ አንድ ቁልቁለት፣ ስለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያና ስለ ገዛ ግትርነቴ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ «ዘሀራ አለቃዋን ሰው ፊት አዋርዳ መጣች» እየተባለ እንደሚወራ ሰምቻለሁ። አላዋረድኩትም። ደግሞም ቀኑ ቢመለስ ያንኑ ነው የማደርገው። ነገሩን ከመነሻው፣ በየቀኑ እንደሆነው ልጻፍላችሁና እናንተው ፍረዱ።

ስራዬን ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። እኔ የምተክለው የግቢ ገመድ አልባ ስልክ ነው። ኪሳችን ውስጥ ያለውን ሞባይል ማለቴ አይደለም፤ በፋብሪካ ወይም በሆስፒታል ግቢ ውስጥ ሰራተኛው ወገቡ ላይ ሰክቶ እየዞረ፣ ካርድ ሳይሞላ፣ እርስ በርሱ የሚደዋወልበትን ነው። ስልኩ እንዲሰራ በየግድግዳው ቤዝ የምንላቸው ትንንሽ ነጭ ሳጥኖች ይሰቀላሉ። የኔ ስራ ሁለት ጥያቄ መመለስ ነው። የቤዙ ሞገድ የት ድረስ ይደርሳል? በአንድ ጊዜስ ስንት ሰው ሊያነጋግር ይችላል? ኮምቦልቻ ላይ ይህ ቀላል ነው። ፋብሪካዎቻችን ሜዳ ላይ የተዘረጉ ሰፋፊ አዳራሾች ናቸው፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ሰውም በስልክ ብዙ አያወራም። ዋናው መስሪያ ቤታችን አዲስ አበባ ነው። እዚያ የነበረው ባለሙያ ስራ ለቅቆ ስለሄደ «ነይና አንድ ጣቢያ ተክለሽ ተመለሺ» ተባልኩ።

አንደኛ ቀን፣ ረቡዕ

አውቶቡሱ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ የተነሳው ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ ሸኝታኝ ሾፌሩን በመስኮት «መንገዱ አማን ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችው። «አማን ነው እማማ፣ ዱዓ ያድርጉልን» አላት። ይህችን መልስ ለመስማት ስትል ነው እስከዚያ ድረስ የቆመችው።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሳው ገና ሳንንቀሳቀስ ነው። ረዳቱ ቤዞቹ ያሉበትን ካርቶን ጣሪያ ላይ ሊጭነው ያዘ። «ይሄ ወደ ላይ አይወጣም» አልኩት። «እቃ ሁሉ ወደ ላይ ነው» አለኝ። «እንግዲያው እኔንም እዚያው ጫነኝ» ብዬ ካርቶኑን አቅፌ በሩ ላይ ተገተርኩ። ከኋላዬ ያለው ተሳፋሪ ማጉረምረም ሲጀምር ተወኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ካርቶኑ ጉልበቴን ሲያስጨንቀው አይተው «አምጪው ልጄ፣ ተራ በተራ እንያዘው» አሉኝና እስከ ደብረ ሲና እሳቸው ጭን ላይ ሄደ። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ መንገጫገጭ በመጣ ቁጥር ብቻ በሁለት እጃቸው ደገፍ ያደርጉታል።

እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ሙቀት የለመድነው ነው። ጣርማ በር ላይ ግን ጉሙ መስኮቱን ሸፈነውና ሸሚዝ ለብሼ መምጣቴ ቆጨኝ። እኛ ብርድ ስንል የደሴን ብርድ ማለታችን ነው። የደብረ ብርሃኑ ሌላ ነው፤ ምሳ የበላሁት ካርቶኑን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣ ሻዩን በሁለት እጄ ጨብጬ ነው።

ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ መሽቷል። ተሸካሚው፣ ደላላው፣ የአልጋ ቤቱ ጠሪ አንድ ላይ ወረደብኝ። «እኔው እሸከማለሁ» ብዬ ሁሉንም መለስኩ፤ ከዚያም የማላውቀውን መንገድ በጉራ ይዤ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ጥግ ላይ ያገኘሁት አልጋ ቤት ብርድ ልብሱ ስስ ነበር። የእንግዳ መቀበያዋ ሴት ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምታ የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ ደረበችልኝ። «አንቺስ?» ስላት «እኔ የለመድኩት ነው፤ አንቺ ከሙቅ አገር ነው የመጣሽው» አለችኝ። ኮምቦልቻ ሙቅ አገር ተብላ ስትጠራ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ሁለተኛ ቀን፣ ሐሙስ

መስሪያ ቤታችን ሲግናል ሰፈር፣ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። አለቃዬ ኢንጂነር ብሩክ እኩያዬ ስለሆነ አንተ አንቺ ነው የምንባባለው። ክፉ ሰው አይደለም። ገና ሳልቀመጥ ማኪያቶ አስመጣልኝ፤ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ኮምቦልቻ ዝናብ እያነሳ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ጠየቀኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። የመጦሪያው ግቢ ፕላን ላይ ለቤዞቹ ቦታ አራት ክብ ተስሏል፤ ሶስቱ ላይኛው ቤት ላይ፣ አንዱ ታችኛው ቤት ላይ።

«ግቢውን ረግጠኸዋል?» አልኩት።

«ፕላኑ አለ እኮ። ፕሮግራሙ ነው ያወጣው፤ የሚደርስበትንም፣ የጥሪውንም ብዛት አስልቷል። አንቺ ስቀዪ፣ ርክክቡን ፈርመሽ አስፈርሚ፣ ቅዳሜ አገርሽ ግቢ።»

ርክክብ ማለት ስራው ማለቁን የሚገልጽ ወረቀት ነው። ባለሙያዋ «ስልኩ በሁሉም ቦታ፣ በሁሉም ሰዓት ይሰራል» ብላ ትፈርማለች፤ ባለቤቱ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ይፈርማል። እኔ ያልረገጥኩትን መሬት ፈርሜ አላውቅም። ይህንን ነገርኩት። ሳቀና «ወሎዬ፣ ሂጂ ርገጪው» አለኝ።

ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሁለት ታክሲ ቀይሬ ነው የወጣሁት። ኮምቦልቻ ላይ ባጃጅ ሜዳውን ይዞ እንደ ልቡ ይበራል፤ እዚህ ሚኒባሱ ዳገቱ መሀል ላይ አቃሰተና ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ስር ድንጋይ ሸጎጠ፣ «ወራጅ! ሁላችሁም ወራጅ!» አለ። ማንም አልተቆጣም፤ ለካስ የተለመደ ነው። እኔ ካርቶኔን ይዤ ትንሽ ከወጣሁ በኋላ ትንፋሼ አለቀና አንድ ሱቅ በር ላይ ተቀመጥኩ። ባለሱቁ ሀጂ ኸይሩ ውሃ ሰጡኝ፤ ከዚያ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብለው ካርቶኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው እስከ መጦሪያው በር ድረስ አወጡልኝ። በመንገድ ላይ «ነገ ጁምዓ ነው፣ መስጊዱን አሳይሻለሁ» ብለውኝ ተመለሱ።

መጦሪያው ከእንጦጦ ተዳፋት ስር ተለጥፏል። ላይኛው ቤት ግድግዳው ወፍራም የሆነ የድሮ የድንጋይ ግንብ ነው። ታችኛው ቤት ከሱ በደረጃ ተወርዶ፣ ጉድባው አፍ ላይ፣ ጀርባው አፈር ውስጥ የተቀበረ ነው። ሞባይል እዚያ ሲገባ ድምፁ ይቆራረጣል። ታችኛው ቤት የሚኖሩት ከአልጋ መነሳት የማይችሉት ናቸው፤ የምትጠብቃቸው ተንከባካቢ ሙሉ ትባላለች።

ይህንን ሁሉ ያሳዩኝ የቤቱ ኃላፊ ሲስተር ወይንሸት ናቸው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት። ስልኩን ለምን እንደፈለጉ ነገሩኝ። ባለፈው ክረምት አባባ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ከአልጋቸው ሊንሸራተቱ ሲሉ ሙሉ በጀርባዋ ደግፋ ያዘቻቸው። ብትለቃቸው ይወድቃሉ፣ ብቻዋን ልታነሳቸው አትችልም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጩኸቷን የሰማ አልነበረም። ሰው እስኪደርስላት ድረስ እንደዚያው ሆና ቆየች፤ ወገቧ እስካሁን ያማታል።

«እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አሉኝ ሲስተር። «ሙሉ ስትደውል የሚያነሳ ሰው ይኑር።»

«ይኖራል» አልኳቸው። ቃል ሰጠሁ ማለት ነው።

ሲመሽ ወደ ላምበረት ልመለስ ስል «ምን ሲደረግ!» ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። እዚያው ፈረንሳይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ነው። እራት ምስር ወጥ፣ ጎመንና ድንች ቀረበ። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ጾም አይደለም። ገርሞኝ ሳያቸው «ስጋው የኔ ላንቺ፣ ያንቺ ለኔ አይሆንም፤ እንግዳ ከመጣ ቤቱ ሁሉ ይጹም ብዬ ነው» አሉና ሳቁ። እስክመለስ ድረስ በዚያ ቤት ስጋ አልተሰራም። እኛም ወሎ ላይ ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ እንዲሁ ነው የምናደርገው፤ አዲስ አበባ ላይ አገኘዋለሁ ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

ሶስተኛ ቀን፣ ዓርብ

ሽፋን፣ ማለትም ሞገዱ የሚደርስበት ቦታ፣ የሚለካው በእግር ነው። አንዱን ቤዝ የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አስሬ ሊሰቀል የታሰበበት ቦታ አቆምኩት፤ ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ቢሮ ካሉት ከሲስተር ጋር እያወራሁ፣ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። ድምፁ የሚቆራረጥበት ቦታ በኖራ ምልክት አደርጋለሁ። እማማ ብርቄ የሚባሉ አሮጊት ከፀሐይ ወንበራቸው ሆነው ኖራውን ሲያዩ ደነገጡ።

«ቤታችንን ልታፈርሱት ነው?»

«ኧረ የለም እማማ፣ ስልክ ነው።»

«መጀመሪያ ምልክት፣ ቀጥሎ ማፍረስ ነው። እኔ ግን አልወጣም፤ ይኸው ነግሬሻለሁ!»

እዚያው ወደድኳቸው። ኖራውን በእግሬ አጠፋሁና ምልክቱን በልብስ መቆንጠጫ አደረግኩት። እሳቸውም መቆንጠጫዎቹን እየቆጠሩ ሲጠብቁልኝ ዋሉ።

ፕላኑ ዋሽቷል ማለት አልችልም፤ ያላወቀውን ነው ያልተናገረው። የላይኛውን ቤት ግድግዳ አንድ መስመር አድርጎ አሳይቶታል፤ እኔ ስገባበት ክንዴን ሙሉ የሚውጥ ድንጋይ ነው። በላይኛውና በታችኛው ቤት መሀል ያለው የቆርቆሮ አጥርም፣ ቁልቁለቱም ፕላኑ ላይ የሉም። ከላይ ያሉት ሶስቱ ቤዞች ወደ ታች ምንም አይደርሱም። ታችኛው ቤት፣ ወጥ ቤቱ፣ ልብስ ማጠቢያውና የኋላው በር ዘበኛ ሁሉም በታችኛዋ በአንዷ ቤዝ ላይ ብቻ ተንጠልጥለዋል። እሷን ወደ ልብስ ማጠቢያው ጣሪያ ጠርዝ ሳዛውራት ሁሉም ቦታ ጥርት ብሎ ተሰማ።

ደስ ብሎኝ ስወርድ ሳሙና ያለበት ውሃ ላይ አንሸራቶኝ በቂጤ ገንዳው ውስጥ ገባሁ። ስልኩን ግን ወደ ላይ ይዤው ነበር። ሙሉ እየሳቀች ጎትታ አወጣችኝና የራሷን ቀሚስ አለበሰችኝ። በዚያ ቀሚስ ነው ሀጂ ኸይሩ ባሳዩኝ መስጊድ ጁምዓ የሰገድኩት፤ እጅጌው አጥሮብኝ ባለቤታቸው ነጠላ ቢጤ ሰጡኝ።

አራተኛ ቀን፣ ቅዳሜ

አራቱንም ማታውኑ ሰቅዬ፣ በማለዳ ለሰራተኛው ሁሉ ስልክ አከፋፈልኩ። አንዷ ቤዝ በአንድ ጊዜ አራት ስልክ ብቻ ትሸከማለች፤ በስሯ ያሉ ሁለት ሰዎች ሲደዋወሉ ሁለቱም ይቆጠራሉ። አምስተኛው ሰው ሲደውል የሚሰማው የተያዘ መስመር ድምፅ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ይህ ይበቃል ብሏል። ጠዋት የሌሊትና የቀን ሰራተኛ ሲቀያየር ቆሜ ማዳመጥ ጀመርኩ። ወጥ ቤቷ ወደ ሙሉ ደወለች።

«ሄሎ ሙሉዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?»

«ይመስገን። ወገብሽን ተሻለሽ?»

«ደህና ነው ዛሬ። የልጅሽ ሳል እንዴት ሆነ?»

«ለቀቀው፤ ማርያም ትመስገን። አባባ ወልዴ እንዴት አደሩ?»

«ደህና አድረዋል። እናትሽስ ከጠበል ተመለሱ?»

ቀጠለ። በመጨረሻ «አጥሚቱን ለስንት ሰው ላውርድ?» የሚለው ጥያቄ መጣ፤ የተደወለው ለሱ ነው። በዚያው ሰዓት ልብስ አጣቢዋ ከዘበኛው ጋር፣ ዘበኛው ካበቃ በኋላ ከላይኛው ቤት ጋር፣ ሁሉም እንዲሁ። ሙሉ ስልኳን ስትዘጋ «ለሙከራ ለሲስተር ደውዪ» አልኳት፤ መስመሩ ተያዘ። ደገመች፣ ተያዘ። ቀና ብላ አየችኝ። ሐሙስ ለሲስተር የሰጠሁት ቃል ትዝ አለኝ።

ነገሩ ገባኝ። ፕሮግራሙን የሰሩት ሰዎች ስልክ አንስተው ጉዳያቸውን ተናግረው የሚዘጉ ናቸው። የኛን ጥሪ በነሱ ጥሪ ርዝመት ነው ያሰላው። ለኢንጂነሩ ደወልኩለት። «ታችኛዋ ቤዝ አቅሟ አልበቃም፤ ትርፍ አለኝ፣ አንድ ልጨምር» አልኩት።

«ውሉ አራት ነው የሚለው። አምስተኛ ካስገባን ውሉ እንደ አዲስ ይከፈታል፤ ወር ይፈጃል።»

«ሙሉ መስመር አታገኝም እያልኩህ ነው።»

«ለምን ተያዘ?»

ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «እና ሰላምታ አሳጥሩ በያቸዋ! ግድግዳ ላይ ለጥፊላቸው። የስራ ስልክ እኮ ነው።»

ይህንን ለሲስተር ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። እየተቆጡ ብድግ አሉ።

«እኔ አልለጥፍም። ንገሪው፤ አልለጥፍም። እኛ ስንጠያየቅ ስራ የፈታን ነው የሚመስለው? አንድን ሽማግሌ ደህና አደሩ ስለው ቃሉን ብቻ አይደለም የምሰማው፤ ትንፋሹን እሰማለሁ። እማማ ብርቄ አንድ ቀን ይመስገን ለማለት ዘገዩብኝ። አፋቸው መጣመሙን ያወቅኩት በዚያ ነው፤ ሐኪም ደርሶ የተረፉት በዚያ ነው። ሰራተኞቼስ ቢሆኑ፣ ሲጠያየቁ ካልሆነ ይህን ስራ በምን ይችሉታል? ሰላምታውን ቆርጬ ስልክ ላስገባ? ስልካችሁን ውሰዱ!»

«እኔም አልፈርምም» አልኳቸው። አስቤ የተናገርኩት አይደለም፤ ከአፌ ወጣ። ከወጣ በኋላ ግን ልክ ሆኖ አገኘሁት።

አምስተኛ ቀን፣ እሁድ

ሲስተር ከቅዳሴ መልስ «ነይ እንጦጦን ሳታዪ አትሄጂም» ብለው ይዘውኝ ወጡ። ከተማው ከታች ተዘርግቷል፤ ባሕር ዛፍ፣ ነፋስ፣ በውድ ጫማ የሚሮጡ ወጣቶች። ላላያችሁት ልንገራችሁ፣ ከዮጎፍ ተራራ ሆናችሁ ደሴን ስታዩ ያለው ይበልጣል። እኔን የገረመኝ ማማው ነው። ኮረብታው ላይ የቆመው የስልክና የሬዲዮ ማማ ብዛቱ! ያ ሁሉ ብረት አገር ምድሩን ሲያነጋግር፣ ከስሩ ያለችው ሙሉ አንድ መስመር አጥታለች። ተናደድኩ።

የተቀቀለ በቆሎ ገዝተን እየበላን ሳለ ኢንጂነሩ ደወለ። ድምፁ የሐሙሱ አይደለም።

«ዘሀራ፣ ነገ ጠዋት እኔው ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ። ትፈርሚያለሽ።»

«አልፈርምም።»

«ሌላ ሰው ይፈርማል። የኮምቦልቻንም ስራ ለሱ እሰጠዋለሁ። አስቢበት።»

ፈራሁ። አልደብቃችሁም፣ በጣም ፈራሁ። ቤታችን የሚተዳደረው በኔ ደሞዝ ነው፤ እናቴ መድኃኒት አላት። በቆሎውን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ሲስተር ምን እንደተባልኩ ሳልነግራቸው ገባቸው። «እንጀራሽን በኛ ምክንያት አትጪ ልጄ፤ ፈርሚና ሂጂ፣ እኛ እንደምንም እንሆናለን» አሉኝ።

«እንደምንም ስትሆኑማ አይቻለሁ» አልኳቸው። «የሙሉ ወገብ ነው እንደምንም የሆነው።»

ወደ ታች ስንወርድ ክንዴን ይዘውኝ ነበር። እኔን ደግፈው ይሁን ቁልቁለቱን ፈርተው አላውቅም።

ስድስተኛ ቀን፣ ሰኞ

ሌሊቱን ያሰብኩት ብዙ ነገር ነበር፤ ልለምነው፣ ላስረዳው፣ ልቆጣው። ጠዋት ስነሳ አንዱም አልቀረም። ታችኛው ቤት ወርጄ፣ ሙሉ የአልጋ አንሶላ ስትቀይር እያየሁ ቆየሁ። ሰራተኛ የሚቀያየርበት ሰዓት ነው። ግቢው ሁሉ ይጠያየቃል።

የኢንጂነሩ መኪና በኋላው በር ስለገባች መጀመሪያ የደረሰው ታችኛው ቤት ነው። ወረቀቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ገባ። «እህ፣ ይሰራል አይደል?» አለኝ።

«ስልኩ ያውልህ፤ ሞክረው» አልኩት።

«ሲስተርን መምጣቴን ልንገራቸው» ብሎ ደወለ። ውሉን ከተፈራረሙ ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ የመጨረሻውን ነፃ መስመር አገኘ።

«ሲስተር፣ እንደምን አደሩ! ብሩክ ነኝ። ደህና ነዎት? ጤናዎስ? እግዚአብሔር ይመስገን። ቤተሰብ ሁሉ ደህና? ያ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ውይ፣ በብርዱ ነው እኮ፤ የኔም እናት እንዲሁ ናት። ኧረ ደህና ናት፣ ትመስገን። ልጅዎስ፣ ያቺ ዩኒቨርሲቲ የገባችው?»

ከጀርባው ሙሉ አባባ ወልዴን ወደ ጎን ስታዞራቸው እግራቸው አመለጣትና ወደ ጠርዙ መንሸራተት ጀመሩ። በትከሻዋ ገባችላቸው። ሮጬ ስደርስ «ዳሌያቸውን እንዳትነኪው፣ ስብራት አለው! የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ» አለችኝ። ትራስ ብቻ ደገፍኩ። በነፃ እጇ ወገቧ ላይ ያለውን ስልክ ተጫነች። የተያዘ መስመር ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እንደገና ተጫነች። እንደገና ተያዘ።

ኢንጂነሩ «እናትዎስ፣ አሁንም ደብረ ዘይት ናቸው?» እያለ ድምፁን ሰምቶ ዞረ።

ሙሉ ፊቷ ቀልቷል። «ይጨርሱ ኢንጂነር፣ ግድ የለም» አለችው። ስድብ አልነበረም፤ ከልቧ ነው። ሰላምታ ላይ ያለ ሰው አይቋረጥማ!

ስልኩን ዘጋው። እሱ ሰላምታውን መሀል ላይ ቢቆርጠው ሲስተር የሆነ ነገር ወደቀበት ብለው ከሁለት ሰራተኛ ጋር ደረጃውን እየሮጡ ወረዱ። አባባ ወልዴን አንስተው መሀል አልጋ ላይ መለሷቸው። ከዚያ ነው ሲስተር ደረታቸውን ይዘው «ምን ሆኑ? ንግግርዎ ተቋረጠብኝ እኮ!» ያሉት።

ኢንጂነሩ እጁ ላይ ያለውን ስልክ አየ። ያን ጊዜ ነው አዋረደችው የተባለውን ቃል የተናገርኩት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ፣ «እስቲ አሁን ሰላምታ አሳጥሩ በላቸው» አልኩት።

ጆሮው ድረስ ቀላ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ግድግዳውን እያየ «አምስተኛዋን የት ነው የምትሰቅያት?» አለኝ።

«እዚሁ፣ ከአባባ ወልዴ አልጋ በላይ።»

«ስቀያት። ውሉን እኔ አየዋለሁ።»

መሰላሉን ላመጣ ስዞር አባባ ወልዴ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ኢንጂነሩን ጠቀሱት። ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም። «አንተ ልጅ፣» አሉት፣ «ላይ ያሉትን በስልክ ስትጠይቅ ሰማሁህ። እኔን እኮ ቤቴ ገብተህ ደህና አደሩ አላልከኝም።»

ኢንጂነሩ ወደ አልጋቸው ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ይቅርታ አባባ። እንደምን አደሩ?»

«አሁን ደህና አደርኩ» አሉት።